«ለሁለት ብዪ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ስኳሩን ፈራሁ

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። 29 ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 20ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። በፊት የወር አበባዬ በሦስት በአራት ወር አንዴ ነበር የሚመጣው። ሐኪም «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (እንቁላል በየወሩ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት) ነው» ብሎ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን አዘዘልኝ፤ ማርገዜን ሳውቅ በራሴ አቆምኩት። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ሳላረግዝ 78 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 82 ገብቻለሁ። አማቴ ጠዋት ጠዋት ቅቤና ስኳር የበዛበት አጥሚት ያመጡልኛል፤ «ለሁለት ብዪ» ይላሉ። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ውፍረቴ ነው? ስኳር ይይዘኛል? ልቀንስ እንዴ?

መልስ፦ ማርያም በሽልም ታውጣሽ እህቴ። መጀመሪያ የመጨረሻውን ልመልስ፤ አትቀንሺ። እርግዝና የኪሎ መቀነሻ ጊዜ አይደለም።

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪውን ውፍረት ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አላመጣውም። ቀጫጭን ሴቶችም ይህ ችግር አለባቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከበላሽው እንጀራ የወጣው ስኳር ደምሽ ውስጥ እንደ ተወቃ እህል ደጅ ላይ ይቆያል፣ ወደ ጎተራው፣ ማለትም ወደ ሰውነትሽ ሴሎች፣ የሚያስገባው ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ነው። ያንቺ ጎተራ ግን በሩ ጠንከር ይላል፤ ስለዚህ ሰውነትሽ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል፣ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ የወንድ ሆርሞንን ያበዛና የወር አበባን ያዛባል። አሁን የእንግዴ ልጁ ሆርሞን ሲጨመርበት በሩ ይብስ ይጠብቃል። ለዚህ ነው አንቺን የመሰሉ ሴቶች ለእርግዝና ስኳር ይበልጥ የሚጋለጡት። የግድ ይይዝሻል ማለት ግን አይደለም።

ሳታረግዢ በነበረሽ ኪሎና ቁመት ሲሰላ፣ በጠቅላላው እርግዝና ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምሪ ይመከራል። አራቱን ጨምረሻል፤ ስለዚህ ቀስ በዪ። ለሁለት መብላት የሚባለውን እርሺው፤ ጽንሱ የሚፈልገው ትንሽ ጭማሪ ነው። እንጀራውን ቀንሰሽ ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን አብዢ። ለስላሳ ይቅር። ከምግብ በኋላ እግርሽን አፍታቺ፤ ሐኪም ካልከለከለሽ በቀን 30 ደቂቃ መራመድ ራሱ በሩን ያላላዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ከዚያ አንዴ መሙላት ግን ላንቺ አይሆንም፤ የነፍስ አባትሽን አማክሪ።

ሜትፎርሚኑን ያለ ሐኪም አትጀምሪው። በማቆምሽም አትሸበሪ፣ እርግዝና ሲረጋገጥ የሚያስቆሙ ሐኪሞች አሉ፣ የሚያስቀጥሉም አሉ። ብቻ ማቆምሽን ንገሪያቸው።

ዋናው ምርመራው ነው። ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ በባዶ ሆድሽ ሄደሽ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ትጠጫለሽ (በጣም ይጣፍጣል፣ ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል፣ ቻዪው)፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ቁጭ ነው። ደምሽ ሦስቴ ይወሰዳል። የደምሽ ስኳር (በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ከመጠጣትሽ በፊት 92፣ በአንድ ሰዓት 180፣ በሁለት ሰዓት 153 ላይ ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ አንዱ ብቻ እንኳ ቢሆን የእርግዝና ስኳር ይባላል። በባዶ ሆድ ብቻ ለክተው «ደህና ነሽ» ካሉሽ አትርኪ፣ ሙሉውን ጠይቂ። እዚያው ካጣሽው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሞክሪ። የደም ግፊትሽም በየክትትሉ ይለካ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ድንገተኛ የፊት እብጠት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

አማትሽን አታስቀይሚ። «ስኳሩን ይተዉልኝ፣ ገንፎውን ለአራስ ቤት ያቆዩልኝ» በያቸው።

ስኳሩ ከተገኘብሽም ከወለድሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ድጋሚ ትመረመሪያለሽ። ወንድ ከሆነ በ40 ቀን ክርስትና ስታስነሺ ጊዜው ሊደርስ ነው፣ ሴት ከሆነች ግን በ80 ቀን ጊዜው ሊያልቅ ነው ማለት ነው።