ጥያቄ፦ ከእናቴ ጋር ለአንድ ቀን ባሕር ዳር ነኝ፤ ዳጋ ልሂድ ወይስ ሌላ ገዳም?

መልስ፦ ዘጌ ሂጂ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። የነገሥታቱ አፅም ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም። ክብራን ገብርኤልም እንደዚያው።

ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወረዳችሁ በኋላ በቡናው ጫካ ውስጥ ትንሽ ዳገት አለ፤ ለእናትሽ ምርኩዝ ያዢላቸው። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በላዔ ሰብእን ፈልጊው። ለጠማው ሰው ውሃ ሲሰጥ ታገኚዋለሽ። ታሪኩን እናትሽ ይንገሩሽ፤ ከእሳቸው አፍ ስትሰሚው ሌላ ነው። ጊዜ ከተረፈ አዝዋ ማርያም እዚያው ቅርብ ናት።

ጢስ ዓባይ ከክረምት ማግስት ካልሆነ ይቅርባችሁ። ውሃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል።

አደራ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። እኔ አክስቴን ይዤ 9 ሰዓት ላይ ስመለስ ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሳ ያፈርጣት ነበር። አክስቴ ነጠላዋ ውሃ በውሃ ሆኖ፣ ወደቡ እስክንደርስ ማማተቧን አላቆመችም። እናትሽን እዚያ ውስጥ አታስገቢያቸው። ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ 6 ሰዓት ተመልሳችሁ ምሳ ከተማ ብሉ።