ጫማው ላይ የሳልሽው አበባ ለምን ተላጠ?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ያረጀ ጥቁር የቆዳ ጫማዬን ከምጥለው ብዬ በአክሪሊክ ቀለም አበባ ሳልኩበት። እንዳለቀ በጣም አምሮ ነበር። ሁለት ቀን እንዳደረግኩት ግን ጣቶቼ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ተሰነጣጥቆ ይላጥ ጀመር። በዚያው ቀለም የሸራ ጫማም ቀብቼ ነበር፤ እሱ እስካሁን ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የቀለሙ ነው ወይስ የእኔ?»

እህቴ፣ የሸራ ጫማሽን ማንሳትሽ ጥሩ አደረግሽ፤ መልሱ ግማሹ እዚያ ውስጥ አለ። ሸራ ክር ነው፤ ቀለሙን ይመጠዋል። ቆዳ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይደረግበታል፤ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። በዚያ ላይ አንቺ ለዓመታት የቀባሽው የጫማ ቅባት ተደራርቧል። አበባሽ ቆዳውን ጨርሶ አልነካውም፤ ቅባቱ ላይ ነው የተቀመጠው። ጫማው ሲታጠፍ የሚይዘው ነገር አጣ።

ቀለሙም ድርሻ አለው። ለሥዕል የሚሸጠው አክሪሊክ ሲደርቅ ግትር ይላል፤ እጥፋት አይወድም። ለቆዳ ተብሎ የሚሠራው አክሪሊክ ግን ደርቆም ይለጠጣል። ካገኘሽ እሱን ግዢ። ቢሆንም ምርጡን ቀለም ብትገዢ እንኳ ታቹን ካላጸዳሽ ያው ይላጣል። ለእኔ የዚህ ሥራ ግማሹ ብሩሽ ከማንሳት በፊት ያለው ነው።

መጀመሪያ ጫማው እውነተኛ ቆዳ መሆኑን አረጋግጪ። የምላሱን ወይም ያልተሰፋ ቦታ ካለ የዚያን ጠርዝ እዪ። ቆዳ ከሆነ የተቆረጠው ጎን ጭረት ጭረት ያለው፣ ለስላሳ ጸጉር የመሰለ ነው። ሰው ሠራሽ ከሆነ ከታች ጨርቅ፣ ከላይ ፕላስቲክ ተለጥፎ ታዪያለሽ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሰው ጫማ ሰው ሠራሽ መሆን አለመሆኑን ሳላይ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ) ጠረግኩትና ላዩ ሟሙቶ ጥጡ ላይ ቀረ። ጫማውን መመለስ አልቻልኩም፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ከዚያ ወዲህ የማይታይ ጥግ ላይ ሳልሞክር አልጀምርም። አንቺም እንደዚያው አድርጊ።

ቆዳ መሆኑን ካረጋገጥሽ ማሰሪያውን አውጪ፤ በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጥረጊና ይድረቅ። ከዚያ ጥጥ በአሴቶን ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ በትንሽ በትንሹ እሺው። አሮጌው ቀለምሽም አብሮ ይለቃል። ጥጡ ሲጠቁር ቀይሪው፤ አንዱን ጥጥ እስከ መጨረሻ ከተጠቀምሽበት ቅባቱን ከቦታ ቦታ ከማዞር በቀር ምንም አልሠራሽም። ጓንት አድርጊ፤ መስኮት ክፈቺ፤ እሳት ባለበት ደግሞ ፈጽሞ አትሥሪ፤ አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል። የሶሉን ጠርዝም አታስነኪው።

በቃ የምትዪው መቼ ነው? ማብለጭለጩ ጠፍቶ ቆዳው ደብዘዝ ሲል። ሲደርቅ አንዲት የውኃ ጠብታ ጣይበት። ጠብታዋ ድቡልቡል ሆና ከተቀመጠች ሽፋኑ ገና አልወጣም፤ ድገሚው። ቀስ ብላ ገብታ ቆዳውን ጠቆር ካደረገችው ደርሷል። የሚታጠፈውን ቦታ ደግሞ 600 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ዳበስ አድርጊው፤ ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያገኛል። አቧራውን ጠርገሽ፣ ጫማው ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቂበትና ሽብሽቡ ይወጠር።

ቀለም አቀባቡ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዙር ያስጠላል። ስስ ነው፣ ጥቁሩ ያሳልፋል፣ የብሩሹ መስመር ይታያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ደብዛዛነቱን ለመሸፈን አንዴ ወፈር አድርገው ይለቀልቁታል። ወፍራም ቀለም ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ኋላም ይሰነጠቃል። ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቂ፤ ድገሚ። ሦስት አራት ዙር ይበቃል። ጥቁር ላይ ቢጫ ወይም ሮዝ ከፈለግሽ አበባው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ አስቀድመሽ ነጭ ቀቢ፤ አለበለዚያ ቀለሙ ጭቃ ይመስላል።

አንድ ነገር ልምከርሽ፤ አበባውን እጥፋቱ ላይ አትሳዪው። ምንም ብትጠነቀቂ በየእርምጃው የሚታጠፍ ቦታ ቀድሞ ያረጃል። ተረከዙና የውጭው ጎን ብዙም አይታጠፉም። ዋናውን ሥዕል እዚያ አድርጊና ወደ ፊት አንድ ቀጭን ሐረግ ብቻ ስደጂ። ከኋላ የሚያይሽ ሰው ዓይኑ እዚያ ያርፋል፤ እኔ በበኩሌ ሙሉ ከተቀባው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ስትጨርሺ አንድ ሌሊት ይደር፤ በማግስቱ ለቆዳ ቀለም የሚሆን ማሸጊያ (ቀለሙን ከላይ የሚሸፍን ግልጽ ቅብ) ስስ አድርገሽ ሁለት ዙር ቀቢበት። ከዚያም ሦስት አራት ቀን ሳታደርጊው ተዪው። በእጅ ሲነካ የደረቀ ይመስላል እንጂ ገና አልጠነከረም። ከዚያ በኋላ ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጊው። ጥቁር የጫማ ቅባት አበባው ላይ እንዳይደርስ።

እጥፋቱ ላይ ቆዳው ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ቀለም አያድነውም። ሰው ሠራሽ ሆኖ መቀረፍ የጀመረም እንዲሁ፤ ከሥሩ እየለቀቀ ስለሆነ የቀባሽው አብሮ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን በጨርቅ ቁራጭ መሸፈን ይሻላል። የሚቀረፈውን አንሺ፤ ጨርቁን በልኩ ቁረጪ፤ ጫማውንም ጨርቁንም ማስቲሽ ቀቢ። ወዲያው አታጣብቂ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተሽ በጣትሽ ስትነኪው የሚያጣብቅ ግን ጣትሽ ላይ የማይቀር ሲሆን ግጠሚና በደንብ ተጫኚው። ጠርዙን ዙሪያውን በመርፌ ብትሰፊው ደግሞ አይነሳም።