ሮን ሳንቶን በታክሲ ሬዲዮ ስሰማው

ወንድማችን «ኳስ ያቆመ ተጫዋች ኮሜንታተር ሲሆን ለምንድነው ብዙ ጊዜ የማይሳካለት? የተሳካለት ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠይቋል። እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የቤዝቦሉ ሮን ሳንቶ።

ቺካጎ ታክሲ መንዳት ስጀምር ቤዝቦል ምኑም አይገባኝም ነበር። ግን የከተማው ቡድን ከብስ ሜዳው ላይ ሲጫወት ብዙ ጊዜ ቀን ነው፣ ተሳፋሪውም «ሬዲዮ ክፈትልኝ» ይላል። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ፓት ሂዩዝ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሳንቶ ያቃስታል፣ ይጮሃል፣ ይለምናል። መጀመሪያ አናደደኝ። ቆይቶ ግን ሕጉን እንኳ በቅጡ ሳላውቅ፣ ከብስ እየመራ ይሁን እየተመራ በሳንቶ ትንፋሽ ብቻ መለየት ጀመርኩ።

ሰውየው ተራ ተጫዋች አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1973 የከብስ ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ (ከሜዳው ማዕዘኖች አንዱን የሚጠብቅ ተከላካይ) ነበር፤ የመጨረሻ ዓመቱን በሌላው የቺካጎ ቡድን በዋይት ሶክስ ጨረሰ። 342 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ ውጭ የሚያሳርፍ ምት) መትቷል፣ በመከላከል ለበለጠ የሚሰጠውን የጎልድ ግለቭ ሽልማት 5 ጊዜ አግኝቷል። ይህን ሁሉ ያደረገው ስኳር ይዞት ነው። በሽታው የተነገረው በ18 ዓመቱ ነው። ያኔ ጣት ወግቶ ቤት ውስጥ መለካት የለም፤ ስኳሩ ሲወርድ የሚያውቀው በሰውነቱ ስሜት ነበር። ከጨዋታ ያስወጡኛል ብሎ ስለፈራ እስከ 1971 ለሕዝብ አልተናገረም። ይህን ስሰማ አባቴ ትዝ አለኝ። እሱም ስኳሩን ከጎረቤት ደብቆ ነው የኖረው። ለቅሶ ቤት ጣፋጭ ሻይ ሲሰጡት ዝም ብሎ ይጠጣ ነበር።

ሳንቶ ማይክ የያዘው በ1990 ነው። በስኳሩ ሳቢያ በ2001 ቀኝ እግሩ፣ በ2002 ግራው ተቆረጠ። በሰው ሠራሽ እግር ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የሴፕቴምበር 23፣ 1998ን ቅጂ ፈልገህ ስማ። ከብስ የሚልዋኪን ቡድን 7 ለ 5 እየመራ ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሰው ማስወጣት ብቻ ይቀራል። የከብሱ ብራንት ብራውን በቀላሉ የሚቀለብ ኳስ አመለጠው። የሚልዋኪ ሦስት ሯጮች ገብተው ሦስት ነጥብ አስቆጠሩ፤ ከብሶች 8 ለ 7 ተሸነፉ። ሂዩዝ በሥርዓቱ ይናገራል፣ ከጎኑ ሳንቶ «ኦ ኖ!» ብሎ ይጮሃል። ሳንቶ ብቻውን ቢሆን ምን እንደተፈጠረ አይገባህም። ሂዩዝ ብቻውን ቢሆን ደግሞ አያምህም። ለኛ ስፖርት ሬዲዮዎችም የምለው ይህንኑ ነው፦ የቀድሞ ተጫዋቹን ከጎበዝ ተራኪ አጠገብ አስቀምጡት፣ ሁሉንም ሥራ እሱ ላይ አትጫኑበት።

ሳንቶ በዲሴምበር 2010 አረፈ። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ የመረጠው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በ2012 በሥነ ሥርዓቱ ላይ በሱ ፈንታ ባለቤቱ ተናገረች። ታክሲዬን ጥግ አስይዤ ነው የሰማኋት።