አሮጌ የኮምፒውተር መጽሔት ለምትሰበስቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በኮምፒውተር ሙያ አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው በመሆኔ፣ የ1970ዎቹን የኮምፒውተር መጽሔቶችና የክበብ ጋዜጦች መሰብሰብ የጀመራችሁ ልጆች የትኛውን እትም ብንገዛ ይሻላል እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በተለይ አሜሪካ ለምትኖሩት፣ የጓሮ ሽያጩም የኢንተርኔት ጨረታውም ቅርብ ስለሆነ፣ ጥያቄው የኪስ ጉዳይም ሆኗል። መልሴን ላስቀድመውና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ በሽፋኑ የታወቀውን አንድ እትም በውድ ከምትገዙ፣ ማንም የማይሻማባቸውን ተከታታይ እትሞች ሳታጓድሉ ሰብስቡ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም በሚመኘው ልጀምር። ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው መጽሔት የጥር 1975 እትሙን ያወጣው አልቴር 8800 የተሰኘውን ኮምፒውተር ሽፋኑ ላይ አድርጎ ነበር። ማሽኑን የሠራው በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ የነበረው ሚትስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። ክፍሎቹን በፖስታ አስልኮ ራሱ ለሚገጣጥም ሰው ዋጋው ከ400 ዶላር በታች ነበር፤ ሜሞሪው 256 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ኪቦርድም ስክሪንም ስላልነበረው ባለቤቱ ፕሮግራሙን የሚያስገባው ከፊት ለፊት የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ እየነካካ፣ መልሱንም የሚያነበው ከሚበሩትና ከሚጠፉት ትንንሽ መብራቶች ነበር። በኋላ ማይክሮሶፍትን ከቢል ጌትስ ጋር የመሠረተው ፖል አለን ይህን እትም ሃርቫርድ አደባባይ ከነበረው የጋዜጣ መሸጫ ገዝቶ ለጌትስ እንዳሳየው፣ ሁለቱም ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለማሽኑ ለማዘጋጀት ያን ጊዜ እንደተነሡ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙም የማይነገረው ግን ሽፋኑ ላይ ያለው ሣጥን ባዶ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው ናሙና ወደ ኒው ዮርክ ሲላክ መንገድ ላይ በመጥፋቱ፣ ፎቶግራፍ የተነሣው ውስጡ የማይሠራ ቀፎ ነበር።

ታሪኩ ይህን ያህል ከገነነ እትሙ በጨረታ ቢወደድ አይገርምም። ይሁን እንጂ መጽሔቱ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቅጂዎች ይሠራጭ ስለነበር እንደሚወራለት ብርቅ አይደለም፤ ገዢው የሚከፍለው ለወረቀቱ ሳይሆን ለዝናው ነው። ከዚያም በላይ የአልቴር ጽሑፍ በጥር አላለቀም፤ ሁለተኛው ክፍል የታተመው በየካቲት 1975 እትም ነው። ስለዚህ ጥርን ብቻ በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው በእጁ ያለው የጽሑፉ ግማሽ ብቻ ነው። የካቲትን ግን ሻጮች ከሌሎች አሮጌ መጽሔቶች ጋር ቀላቅለው በርካሽ ሲለቁት አይቻለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣው ማርክ-8 የተባለው ኮምፒውተር ታሪክም ተመሳሳይ ነው። ሬዲዮ ኤሌክትሮኒክስ መጽሔት በሐምሌ 1974 እትሙ ጆናታን ታይተስ የነደፈውን ይህን ማሽን በሽፋኑ ቢያስተዋውቅም፣ ለመገጣጠም የሚያስፈልገው ዝርዝር ንድፍ የተሰጠው ለብቻው ታዝዞ በሚመጣ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። የሽፋኑን መጽሔት የያዙ ብዙ ናቸው፤ ያን መጽሐፍ ካገኛችሁ ግን አታመንቱ።

ተከታታይ እትም ያልሁበት ዋናው ምክንያት እነዚህ ጽሑፎች በአንድ ወር ተጀምረው በዚያው ወር የማያልቁ ንግግሮች ስለነበሩ ነው። በዚያ ዘመን ፕሮግራም የሚሠራጨው በመጽሔት ገጽ ላይ ታትሞ ሲሆን፣ አንባቢው እያንዳንዱን መስመር በእጁ ይገለብጥ ነበር። ማተሚያ ቤት አንዲት ነጥብ ከጣለ ፕሮግራሙ አይሠራም፤ እርማቱ የሚገኘው በሚቀጥሉት ወራት እትም፣ ብዙ ጊዜም ከአንባቢዎች ደብዳቤ መካከል ነው። በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በፒተርቦሮ ከተማ በመስከረም 1975 የተጀመረውን የባይት መጽሔት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት በተራ ብታነቡ፣ አንድ ሰው ችግር ሲያነሣ፣ ሌላው ከሌላ ግዛት መፍትሔ ሲልክ፣ ሦስተኛው ደግሞ መፍትሔው ስሕተት መሆኑን ሲያሳይ ታያላችሁ። በግንቦት 1977 እትም የአፕል ኩባንያ መሥራች የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ ራሱ አፕል 2 የተባለውን ኮምፒውተሩን በመሐንዲስ አንደበት ይገልጻል፤ ጽሑፉን ስታነቡ ኩባንያው ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ብላችሁ አንብቡት፤ ጣዕሙ እዚያ ላይ ነው።

የቢል ጌትስ ደብዳቤም ለዚህ ማስረጃ ይሆነኛል። በየካቲት 1976 የሃያ ዓመቱ ጌትስ ለኮምፒውተር አፍቃሪዎች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ አብዛኞቹ ሶፍትዌር እንደሚሰርቁ፣ ከአልቴር ባለቤቶች መካከል ቤዚክን ገንዘብ ከፍለው የገዙት ከመቶ አሥር እንደማይሞሉ፣ ለሥራው የዋለው የኮምፒውተር ጊዜ ግን ከ40,000 ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ገልጾ ነበር። ደብዳቤው በሚትስ ኮምፒውተር ኖትስ ጋዜጣና በካሊፎርኒያው የሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ ጋዜጣ ወጥቷል፤ ሰብሳቢዎችም የሚሯሯጡት ያን እትም ለማግኘት ነው። እኔ ግን የምወድደው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። በቁጣ የተሞሉ መልሶች ወጡ፤ ጌትስም በዚያው ዓመት ሁለተኛና የመጨረሻ ያለውን ደብዳቤ ጻፈ። በዚሁ ወቅት በጥር 1976 በጂም ዋረን አዘጋጅነት የተጀመረው የዶክተር ዶብስ ጆርናል ታይኒ ቤዚክ የተባለውን ትንሽ የቤዚክ ዓይነት ሙሉ ኮዱን እያተመ ለሁሉም በነጻ ያድል ጀመር። ቶም ፒትማን የራሱን ታይኒ ቤዚክ በ5 ዶላር ሸጠ፤ ሊ ቼን ዋንግ ደግሞ የተለመደውን የባለመብትነት ማሳሰቢያ ገልብጦ እያሾፈበት በኮዱ አናት ላይ አሰፈረው። ዛሬ እናንተ ስለ ክፍት ሶፍትዌር የምትከራከሩት ክርክር በሙሉ እዚያ አለ፤ የሚገኘው ግን ደብዳቤውና መልሱ አንድ ላይ ሲቀመጡ ብቻ ነው።

ማስታወቂያዎቹን ዘልላችሁ አትለፉ። በ1976 ኢንተርፌስ ኤጅ የተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የአፕል 1 ማስታወቂያ 666.66 ዶላር የሚል ዋጋ ይዟል፤ በዙሪያው ደግሞ ዛሬ ስማቸው የማይታወስ ብዙ ኩባንያዎች እኩል በልበ ሙሉነት ያስተዋውቃሉ። ይኸው መጽሔት በግንቦት 1977 ከገጾቹ መካከል ስስ የፕላስቲክ ሸክላ አካትቶ ነበር፤ አንባቢው ሸክላውን ማጫወቻ ላይ አድርጎ ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ በማስገባት ቤዚክን ይጭን ነበር። ይህን እትም ስትገዙ ሸክላው በቦታው መኖሩን ሻጩን ጠይቁ፤ ከሌለ ዋጋው ሌላ ነው። ክሪኤቲቭ ኮምፒውቲንግም ኪሎባውድም መልካም ናቸው፤ ሁሉንም ለመዘርዘር ቦታ አይበቃኝም። የ1980ዎቹን ባይት በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አንዳንዱ እትም ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ የመላኪያ ሒሳቡ የመጽሔቱን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ ብታመጡት ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትይዙት ዋናው ቅጂ ይሁን ድጋሚ ኅትመት ለዩ። የዶክተር ዶብስ የመጀመሪያ ዓመታት በኋላ ተጠርዘው በመጽሐፍ መልክ ወጥተዋል፤ የክለብ ጋዜጦች ደግሞ ከአባል ወደ አባል በፎቶ ኮፒ ይተላለፉ ነበር፤ የአፕል 1 መመሪያም አስመስለው ያተሙት ብዙ ነው። ድጋሚ ኅትመት ለማንበብ ምንም አይጎድለውም፤ እንደ ዋናው አድርጎ ለሚሸጥላችሁ ግን አትታለሉ። ሽፋኑ ላይ የአድራሻ ወረቀት ተለጥፎ ብታገኙት አትላጡት። በጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈ እርማት ካለበት ደግሞ እኔ ብሆን ከንጹሑ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ ነጋዴዎች ግን በዚህ አይስማሙም።

አቀማመጥን በተመለከተ ብዙ አላስቸግራችሁም። በካሊፎርኒያ ከ1972 ጀምሮ በቦብ አልብሬክት ይወጣ የነበረው የፒፕልስ ኮምፒውተር ካምፓኒ ጋዜጣ የታተመው በተራ የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ እንዲህ ያለው ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት በብርሃን ይቢጫል፣ እየደረቀም ይሰባበራል። ከአሲድ በጸዳ ካርቶን ውስጥ በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ከወረቀቱ በፊት ይበላሻል፣ ወረቀቱንም ይዞት ይሄዳል። ቤዝመንት ለመጽሔት አይሆንም፤ አዲስ አበባ ላላችሁት ደግሞ ክረምቱ ሲገባ ሣጥኑን ከሲሚንቶ ወለል አንሡት።

በመጨረሻ ከኛው ወገን ስላለ ነገር ላንሣ። ፊደላችን ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ብዙዎቹ አሜሪካና አውሮፓ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተሠሩ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ከፍሎፒ ዲስኮቹ ጋር ይሸጡ የነበሩት ቀጫጭን መመሪያዎች ዛሬ በጨረታ አይወጡም፤ ያሉት በአባቶቻችሁና በአጎቶቻችሁ መሳቢያ፣ በቤተ ክርስቲያን ቢሮና በማኅበር መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። መመሪያው ውስጥ የትኛው ፊደል ከየትኛው ቁጥርና ቁልፍ ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ካገኛችሁ ያን ገጽ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት፤ የፕሮግራሙን ስም፣ የእትሙን ቁጥርና የባለቤቱን ምስክርነት አብራችሁ መዝግቡ፤ ወረቀቱንም ከዲስኩ አትለዩት፤ በዚያ ፕሮግራም የተጻፉ የድሮ ሰነዶችን ወደ ዛሬው ዩኒኮድ ለመመለስ ለሚሞክር ሰው የሚያስፈልገው ያ ሠንጠረዥ ነውና።