ወጣት ተጫዋችን የሚያሳድገው ዋናው አሰልጣኝ ነው ወይስ ረዳቱ?

በኤንቢኤ (በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) አንድ ወጣት ሲሻሻል ምስጋናው ለማን ይገባል ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ ግምት የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠሩት ረዳት አሰልጣኞች ሲሆኑ፣ ሥራው በጨዋታ መታየቱን የሚወስነው ግን ዋናው አሰልጣኝ ነው።

ካዋይ ሌናርድን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት በ15ኛ ደረጃ ተመርጦ በዚያው ምሽት በልውውጥ ወደ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ክለብ ሲሄድ፣ በዩኒቨርሲቲ ቆይታው ከሦስት ነጥብ ክልል ያገባው ከወረወረው 25 በመቶውን ብቻ ነበር። የክለቡ ረዳትና የውርወራ አሰልጣኝ ቺፕ ኤንግላንድ አወራወሩን ከስሩ አፍርሶ ሳይሆን ኳሱን የሚለቅበትን ቦታ በማስተካከል ላይ አተኩሮ ሠራ፤ ሌናርድም በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ወደ 38 በመቶ ገደማ አደረሰው። ይሁን እንጂ ዋናው አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች በዚያው ዓመት በ39 ጨዋታዎች በቋሚነት ባያሰልፈው ኖሮ፣ ይህ ሁሉ ልፋት በልምምድ ሜዳ ተወስኖ በቀረ ነበር። በ2014 የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሠራተኞቹ መርጋት ነው። ኤንግላንድ ከ2005 እስከ 2022 በዚያው ክለብ ቆይቷል። በየሁለት ዓመቱ ዋና አሰልጣኝ በሚባረርበት ክለብ ግን ረዳቶቹም አብረው ስለሚሄዱ፣ ወጣቱ አንዱ ያስተማረውን ሌላው ሲያስተወው ግራ ይጋባል፤ አዲሱ አሰልጣኝም ወንበሩን ለማቆየት ዛሬ ማሸነፍ ስላለበት ልምድ ያላቸውን ያስቀድማል (በዚህ እንኳ ብዙም አልፈርድበትም)። ስለዚህ ስለ አንድ ወጣት ተስፋ ሲጠይቁ፣ ከስታቲስቲክሱ በፊት አብሮት የሚሠራው ረዳት በክለቡ ስንት ዓመት እንደቆየ ቢያጣሩ ይሻላል።