ልጁ ከማደሪያው ከጠፋ፣ 24 ሰዓት አትጠብቁ

እህቴ፣ እንግሊዝ ውስጥ ብቻውን የመጣ የ16 ዓመት ጥገኝነት ጠያቂ ትናንት ማታ ከማደሪያው ወጥቶ እንዳልተመለሰ፣ ሠራተኞቹም «24 ሰዓት ይሙላ» እንዳሉሽ እዚህ ግሩፕ ላይ ጽፈሻል።

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። አሁኑኑ ወደ ፖሊስ መደበኛ ስልክ 101 ይደወል፤ አደጋ ላይ ነው የሚያሰኝ ነገር ካለ ወደ ድንገተኛው 999። የመዝገብ ቁጥሩን ሳትቀበዪ ስልኩን አትዝጊ። ቀጥሎ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የመደበለት ሶሻል ወርከር ይነገረው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሆነ የካውንስሉ ተረኛ ክፍል አለ።

ፍለጋውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ፋይሉ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባት ስም አንዱ ጋ ፊት፣ ሌላው ጋ ኋላ ይገባል። «ተስፋዬ» ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ ሁሉንም አስመዝግቢ። ከዚህ የባሰው የልደት ዘመን ነው። ልጁ «በ2001 ተወለድኩ» ያለው በእኛ አቆጣጠር ሆኖ እንደ ፈረንጅ ከተጻፈ፣ ፖሊስ የሚፈልገው ልጅ ሳይሆን ከ20 ያለፈ ጎልማሳ ነው፤ ፍለጋውም በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል። ፎቶውም የቅርብ ጊዜ ይሁን፤ የመጣ ዕለት የተነሳው ላይ ከስቶ ሌላ ሰው ሊመስል ይችላል። ሲም ቢቀይር እንኳ የቴሌግራምና የቲክቶክ ስሙን ላይቀይር ስለሚችል እነሱንም ስጪ።

ፎቶውን ግን እንዲህ ባለ ግሩፕ አትለጥፊ። ለአሻጋሪዎች የሚከፈል የመንገድ ዕዳ ያለበት ከሆነ አበዳሪውም እዚሁ ያነባል። የዕዳ ወይም የጉልበት ብዝበዛ ጥርጣሬ ካለ፣ ካውንስሉ ወይም ፖሊስ በሕገወጥ ዝውውር ተጎጂዎች መለያ ሥርዓት ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ከ18 በታች ላለ ልጅ ፈቃዱ አይጠየቅም።

ጠበቃውን የሚረሳው ብዙ ነው። ልጁ ቃለ መጠይቅ ካመለጠው ማመልከቻው እንደተተወ ሊቆጠር ስለሚችል፣ መጥፋቱን ጠበቃው የጥገኝነት ማመልከቻውን ለሚያየው መሥሪያ ቤት፣ ለሆም ኦፊስ፣ በጽሑፍ ያሳውቅ።

ለልጁ የምትልኪው መልእክት አጭር ይሁን፦ «አልተቆጣንህም። መጥፋት ወንጀል አይደለም። ደህና ነኝ በለን።» አልጋው ለሌላ እንዳልተሰጠ ሳታረጋግጪ «አልጋህ ይጠብቅሃል» አትበዪው። እናንተን ከፈራ የጠፉ ሰዎችን ወደሚረዳው መስመር 116000 በነጻ መደወል ይችላል።

ብዙዎቹ የሚሄዱት «ልጅ አይደላችሁም» ተብለው ዕድሜያቸው እንዳይካድ ፈርተው፣ ዘመድ ወዳለበት ከተማ፣ ወይም ዕዳ ለመክፈል ሥራ ፍለጋ ነው። ሲመለስ ምግብና እንቅልፍ ይቅደም። ከዚያ፣ በተመለሰ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ከማደሪያው ሠራተኛ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ሰው እንዲያነጋግረው ካውንስሉን ጠይቂ። አስተርጓሚው ከልጁ መንደር ወይም ከዘመድ ወገን ከሆነ ልጁ አፉን አይከፍትም፤ ሌላ መጠየቅ እንደሚችል በግልጽ ይነገረው። አዲስ ስልክ ይዞ ከመጣና ደዋዩ ካላቋረጠ፣ ማን እንደገዛለት ሳይታወቅ ፋይሉ መዘጋት የለበትም።