ጥሬው ይጨመር ወይስ ሥጋው ይቅር? ጥያቄና መልስ

ስለ ጥሬ ምግብና ስለ ቪጋን አመጋገብ የመጡትን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን እያጣመርኩ እመልሳለሁ። «ጥሬ» ስል አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬ ማለቴ ነው። ስለ ቁርጥ የጠየቃችሁ መጨረሻ ላይ ጠብቁኝ።

ጥያቄ፦ ጥሬ ምግብ ማብዛትና ቪጋን መሆን አንድ አይደሉም እንዴ? ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ አይደሉም። አንዱ ስለ አበሳሰል ነው፣ ሌላው ምግቡ ከየት መጣ ስለሚለው። ቪጋን ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ማር አይነካም፤ ሽሮው ግን ሲንተከተክ ቢውል ግድ የለውም። ጥሬ የሚጨምር ሰው ደግሞ ከዶሮ ወጡ ጎን ሰላጣ ካስቀመጠ ሥራው ተጀምሯል። ለጀማሪ ጥሬ መጨመሩ ይቀላል፤ ከገበታው የሚቀነስ ነገር ስለሌለ የሚጎድል ንጥረ ነገርም የለም። ቪጋንነት ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ አይጀመርም።

ጥያቄ፦ እኛ ጿሚዎች የዓመቱን ግማሽ ቪጋን ነን። ቢ12 ጎደለብን ሲባል ግን አልሰማሁም።

መልስ፦ ገበታው ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ፍስክ መኖሩ ነው። ቢ12 ጉበት ውስጥ ይከማቻል፣ ክምችቱም ለዓመታት ሊያቆይ ይችላል። ጾም ሲፈታ በሚገባው ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ተመልሶ ይሞላል። ቪጋን ፋሲካ የለውም። በፍስክም ቢሆን የእንስሳት ተዋጽኦ እምብዛም የማይቀምስ ጿሚ ግን ከቪጋን ብዙም አይርቅም።

አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። በእንክብል ከሆነ በቀን ቢያንስ 10፣ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ 2000 ማይክሮግራም ይወሰዳል። ቁጥሩ የሚያስደነግጠው አንጀት በአንድ ጊዜ ከብዙው ጥቂቱን ብቻ ስለሚያስገባ ነው። የእንጀራ እርሾም ስፒሩሊና የሚባለው የውሃ አልጌም የሚታመን ምንጭ አይደሉም። ጉድለቱ ሲመጣ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ድካምና መርሳት ይከተላሉ። አንድ የሚያታልል ነገርም አለ፦ ፎሌት (በቅጠልና በጥራጥሬ የሚገኝ ሌላ የቢ ቫይታሚን) በብዛት የሚያገኝ ሰው የደም ማነሱ ላይታይበት ይችላል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። ስለዚህ «ደሜ ደህና ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ቢ12 ራሱ ይለካ።

ጥያቄ፦ ሲበስል ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ቫይታሚኑም ያልቃል ይባላል።

መልስ፦ ኢንዛይሙ መሞቱ እውነት ነው፤ ሳይበስል ቢዋጥም ጨጓራ ውስጥ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። ቫይታሚን ሲና ፎሌት በመቀቀል ይቀንሳሉ፣ ከፊሉም ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃውን አለመድፋት ግማሽ መፍትሔ ነው። በተቃራኒው የቲማቲም ላይኮፒን (ቀዩ ቀለሙ) እና የካሮት ቤታካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው) በዘይት ሲበስሉ የበለጠ ወደ ሰውነት ይገባሉ። ቃሪያና ሎሚ በጥሬያቸው፣ ካሮት በሁለቱም መንገድ ቢበላ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላጣ ስበላ ሆዴ ይነፋል። ስንት ልብላ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ እፍኝ፣ በሚቀጥለው ሁለት። አሰሩን ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስለሚያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል፤ ቀስ ተብሎ ሲጨመር ሆድ ይለምደዋል። ጥቅል ጎመን ከሆነ አድቅቀሽ ክተፊው፣ በትንሽ ጨው እሺውና 10 ደቂቃ አቆይው፤ ይለሰልሳል።

ለአንድ ሰው ሰላጣ ሁለት ቲማቲም፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ዘይቱን አትተዪው፣ ቤታካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። የሎሚውና የቃሪያው ቫይታሚን ሲ ደግሞ በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ያስገባል፤ በዚያው ማዕድ እስካሉ ድረስ ነው እንጂ ማታ የተጠጣ ብርቱካን ለምሳ አይደርስም። ቡናው ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ብረቱን ያስቀረዋል። (ጀበናው ቀድሞ ከተጣደ ይህ ምክር እንደማይሰማ አውቃለሁ።)

ጥያቄ፦ አትክልት በምን ልጠብ? በኮምጣጤ ወይስ በበረኪና?

መልስ፦ ከሁለቱም በፊት በሚፈስ ውሃና በእጅ። የሰላጣው ቅጠል አንድ በአንድ ይገንጠል፣ ሥሩ አካባቢ ያለው አፈር በጣት ይታሽ። የወስፋት እንቁላል በክሎሪን አይሞትም፤ የሚወጣው ታሽቶ ነው። ከዚያ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ግማሽ የሻይ ማንኪያ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ፣ ቅጠሉን ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ዕቃው ላይ ለምግብ አይሆንም የሚል ከተጻፈ ተዉት። ኮምጣጤ ከዚህ ይደክማል። መክተፍ ከመታጠብ በኋላ ነው፤ ተከትፎ የታጠበ ሰላጣ ቆሻሻውን በቁስሉ ይስባል።

የመጣበትን ቦታም ጠይቁ። እንደ አቃቂ ባለ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት ወንዝ የለማ ቅጠል ከባድ ብረት ሊይዝ ይችላል፣ እሱ ደግሞ በምንም እጥበት አይለቅም።

ጥያቄ፦ ጥራጥሬ አጎንቁዬ ሳላበስል ልብላ?

መልስ፦ ስሙ ጥራጥሬ ቢሆንም በጥሬው የሚበላው ጥቂቱ ነው። ቦሎቄ ፈጽሞ አይበላም። በውስጡ ያለው ሌክቲን የሚባል መርዝ ከጥቂት ፍሬ እንኳ በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል። ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ በአዲስ ውሃ ፈልቶ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ለጥንቃቄ 30 ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። ሳይፈላ ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት መርዙን ከማጥፋት ይልቅ ሊያባብሰው ይችላል።

የጓያ እሸትም ይቅርባችሁ። ነርቭን የሚጎዳው መርዝ አዘውትሮ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። መቁላት ወይም መቀቀል ብቻ መርዙን አያጠፋውም። የባቄላ እሸት ለብዙው ሰው ችግር የለውም፤ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በዘር ለጎደለው ግን ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። እሸት ከበላ በኋላ ዓይኑ ቢጫ የሚሆንና ሽንቱ የሚጠቁር ሰው ወዲያው ሐኪም ጋ ይሂድ።

ምስርና ሽምብራ ይጎነቁላሉ፦ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፉ፣ ውሃውን አጥልሉ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ እያጠባችሁ 2 ወይም 3 ቀን አቆዩ። ይሁንና ለቡቃያው የሚመቸው ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያም ይመቻል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ከ50 በላይ ሰዎች የሞቱበት የኢ.ኮላይ ባክቴሪያ ወረርሽኝ መነሻው የአብሽ ቡቃያ ነበር። ስለዚህ ፈላ ውሃ ውስጥ ቀቀል ይደረግ፤ እርጉዞች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ደግሞ ያልበሰለውን ጭራሽ አይቅመሱ።

ጥያቄ፦ በየጠዋቱ የቆስጣ ጁስ እጠጣለሁ። ጎመንስ?

መልስ፦ ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሌት፣ ማለትም የኩላሊት ጠጠር ሊፈጥር የሚችል ንጥረ ነገር፣ ይበዛባቸዋል። በየቀኑ በብርጭቆ የሚጠጣ ሰው፣ በተለይ የኩላሊት ጠጠር ከነበረበት፣ ቀቅሎ ውሃውን ቢደፋ ይሻለዋል። ጎመን ኦክሳሌቱ ዝቅተኛ፣ ካልሲየሙም በቀላሉ የሚገባ ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አባትና እናቶች ግን አረንጓዴ ቅጠልን በድንገት አያብዙ፣ በድንገትም አይተዉ፤ ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ልክ ያዛባል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ላጣምር፤ መቶ በመቶ ጥሬ፣ መቶ በመቶ ቪጋን።

መልስ፦ አልመክርም፤ ለልጅና ለእርጉዝ ደግሞ በፍጹም። ሆድ ይሞላል፣ ጉልበቱ ግን አይሟላም። በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የጀርመን ጥናት ጥሬ አዘውታሪ ከሆኑትና ዕድሜያቸው ከ45 በታች ከነበሩት ሴቶች 30 በመቶ ገደማው የወር አበባቸው ተዛብቶ ወይም ቀርቶ ነበር። ክብደት እየወረደ ሲሄድ የሚከተለው ይኸው ነው። ቪጋን መሆን ከፈለግሽ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን አብስይ፤ የተፈጨ ተልባ በቀን አንድ ማንኪያ ጨምሪ፣ ሳይፈጭ እንደገባ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ቁርጥስ ጥሬ ምግብ አይደለም?

መልስ፦ ነው፤ አትክልቱ ላይ ያልነው አንዱም ግን አይሠራለትም። የኮሶ ትል እጭ ሥጋው ውስጥ ስለሚቀመጥ መታጠብ፣ ሚጥሚጣና አረቄ አይገድሉትም። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ በቀዘቀዘ ማቀዝቀዣ ቢያንስ 10 ቀን መቆየት፣ ወይም መሃሉ 60 ዲግሪ እስኪደርስ መብሰል ይገድለዋል። ለብለብ ክትፎ እዚያ አይደርስም። ማቀዝቀዙ ባክቴሪያን እንደማይገድልም አትርሱ። ሰገራ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ያየ ሰው ቁራጩን በዕቃ ይዞ ላቦራቶሪ ይሂድ።